የሠርጉ ሱሪ ወገብ

የአጎቴ የልብስ ስፌት ቤት የነበረበት ክፍል ዛሬ ስልክ ይሸጥበታል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አያለሁ። መብራቱ ደማቅ፣ ግድግዳው ነጭ ነው፤ ምንም አይሸትም። ድሮ ግን ገና ከመንገዱ ማዶ ሳለን የካውያና የእርጥብ ሱፍ ሽታ ይቀበለን ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በስተግራ የስፌት መኪናዎቹ፣ ጥግ ላይ ደንበኞች ራሳቸውን የሚያዩበት ባለ ሙሉ ቁመት መስታወት። መስታወቱ ከታች ስለተሰነጠቀ ማንም ጫማውን አጥርቶ አያይም። አጎቴ "ጫማ አልሰፋ፣ እኔን ምን አገባኝ" ይል ነበር።

ሠፈሩ የሚያውቀው "ቀጭኑ" በሚል ስም ነው። በጉርምስናው ዘመን ጥቅልል ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ጨርቁ ብቻውን የሚራመድ ይመስል ነበር አሉ። ስሙ እንደ ቀልድ ወጣለት፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ይዞት ኖረ። ሚስቱን እኛ የእህት ልጆች "እትዬ" እንላታለን። ሥራ የሚከፋፈሉበት መንገድ ቀላል ነበር፤ ኮት የሱ፣ ሱሪ የሷ። የራሱን ሱሪዎች የምትሰፋለትም እሷ ነበረች።

ስለ ሱሪ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ያለሱ ይህ ታሪክ አይገባም። ጥሩ ሰፊ የወንድ ሱሪ ሲሰፋ ከኋላ መሃል ላይ ባለውና በሁለቱ ጎኖች ባሉት ስፌቶች ውስጥ በየበኩላቸው ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ አጥፎ ይተዋል። ከውጭ አይታይም። ባለቤቱ ሲወፍር ስፌቱ ይተረተራል፣ ትርፉ ይለቀቃል፣ እንደገና ይሰፋል፣ በካውያ ይተኮሳል፤ ሱሪውም ምንም እንዳልተነካ ይመስላል። ይህን ብልሃት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። የሰው ገላ ነገ እንደሚለወጥ ዛሬ አውቆ ቦታ የሚተውለት ሌላ ሙያ አላውቅም።

አጎቴ ቀበቶ አይወድም ነበር። "በልኩ የተሰፋ ሱሪ ቀበቶ ምን ያደርግለታል?" ይላል።

በትዳራቸው መጀመሪያ ዓመታት የሚሠራው በእግር በሚረገጥ መኪና ነበር። የመኪናዋ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ቀስ ብላ ትጀምርና እየፈጠነች ትሄዳለች፣ ከዚያ በድንገት ጸጥ። ያለቀውን ልብስ ደግሞ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በእግሩ ለደንበኛ ያደርሳል። ኋላ ላይ ባለ ሞተር መኪና ገዛ፤ ደንበኞችም ራሳቸው እየመጡ መውሰድ ጀመሩ። እግሮቹ ሥራ ፈቱ። የድሮዋ መኪና ጥግ ይዛ የሻይ ጠረጴዛ ሆነች። ላይዋ ላይ ሻይ ጠፍቶ አያውቅም፤ ስኳሩ በማንኪያ ሳይሆን በእፍኝ የተጨመረበት፣ አጠገቡ ደግሞ ብስኩት።

"ቀጭኑ ሰፊ!" ይለዋል ጎረቤቱ ጸጉር አስተካካይ በበሩ ብቅ ብሎ። "ቀጭኑ ቀርቶ ሰፊው ብቻ ቀረ እኮ!"

"ሂድ አንተ፣ መላጣህን ተንከባከብ። የሠርጌ ሱሪ ዛሬም ልክ ይሆነኛል። ያንተ የታለ?"

ጸጉር አስተካካዩ ተሸንፎ ይመለሳል። ነገሩ እውነት ነበርና። ዘመድ በዳረ ቁጥር አጎቴ ያንን ጥቁር ሱሪ ያወጣል፣ ይለብሳል፣ ቁልፉ ይገጥማል። ሆዱ ከላይ ትንሽ ሞላ ማለቱን አይክድም፤ ወገቤ ግን ያው ነው ባይ ነው።

የጎደላቸው ልጅ ነበር። እትዬ ለብዙ ዓመት ሐኪም ቤት ተመላለሰች፣ ያውም ብቻዋን። ደሟ ታየ፣ ማህፀኗ ታየ። የመጨረሻው ሐኪም "አንቺ ጋ ያገኘሁት ችግር የለም፤ ባልሽን አምጪው" አላት። "ዕድሜሽ ወደ አርባ እየተጠጋ ነው፤ ብዙ አትቆዩ" ብሎም ጨመረ። አጎቴ አልሄድም አለ። ዘመድ አዝማዱ ደግሞ ጥፋቱን ያለ ምንም ምርመራ እሷ ላይ ካሳረፈው ቆይቷል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔም እዚያው ሳለሁ አያቴ፣ የአጎቴ እናት፣ መጣች። በደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሻይ እንኳ እስኪቀዳላት አልጠበቀችም።

"ልጄ፣ እኔ ከእንግዲህ ምን ዕድሜ አለኝ? የልጅህን ፊት ሳላይ ልሂድ? ይህቺ ልጅ ጥሩ ልጅ ናት፤ እግዜር ያውቃል አልጠላኋትም። ግን ካልሆነ አልሆነም። በሰላም ተለያዩ።"

እትዬ ሦስት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጣ ሱሪ ትዘመዝማለች። እጇ አላቋረጠም።

"ተይ እንጂ እማዬ!" አለ አጎቴ።

"ሐኪሙ እሱንም ልየው ብሏል" አለች እትዬ ቀና ሳትል።

"እኔን? እኔ ምን ሆኜ?" አጎቴ ብድግ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ሲወጣ ጥቁሩን ሱሪ ለብሷል። በሁለት እጁ ወገቡን ይዞ በመስታወቱ ፊት ዞረልን። "ይኸው! የሞሸራችሁት ሙሽራ ይኸው ነው። ቅንጣት ታህል አልተለወጠም። ያልተለወጠ ሰው ምኑ ይመረመራል?"

አያቴ ልጇን በኩራት አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ እትዬ አዞረች።

የእትዬ መርፌ ያን ጊዜ ቆመ። ሱሪውን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"እሺ" አለች። "ምንም እንዳልሆንክ ሐኪሙም አይቶ ይንገረን። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ይህንኑ ሱሪ ለብሰህ ሂድ።"

"በደስታ! ኮቱንም እደርባለሁ።"

"መምህሩም አብሮን ይምጣ" አለች ወደ እኔ እያየች። ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። "ሐኪሞች ሲናገሩ ይፈጥኑብኛል።"

ሐኪሙ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል፣ ሳቂታ ሰው ነበር። አጎቴን ብዙ ጠየቀው። ሥራዎ ተቀምጦ ነው ወይ፣ ያጨሳሉ ወይ፣ ስፖርተኞች የሚወጉትን የወንድ ሆርሞን ተወግተው ያውቃሉ ወይ፤ ሁሉንም በአክብሮት፣ በ"እርስዎ"።

"እኔ የማውቀው መርፌ የልብሱን ነው ዶክተር።"

"መልካም። ወገብዎን ልለካ።"

"አይድከሙ፤ ሰባ ስምንት ነው።"

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ሜትሩን አዞረና ቁጥሩን አነበበ። "መቶ አሥራ አንድ።"

አጎቴ ሳቀ። "ሜትርዎ ተበላሽቷል። እንዲህ ያለው ሜትር ሙቀት ካገኘው ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ሜትር ደግሞ ቁጥር ያበዛል። እኔን ይጠይቁኝ!"

የራሱ ሜትር አንገቱ ላይ ነበር፤ ከቤት ሲወጣ ኮፍያውን ቢረሳ እንኳ ሜትሩን አይረሳም። አውርዶ በራሱ እጅ ወገቡ ላይ አዞረው፤ አውራ ጣቱ ያረፈበትን ቁጥር አየ። ፈታው፤ እንደገና ለካ። ሌላ ሰው ሲለካ እንደሚያደርገው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ለመጥራት አፉን ከፈተ፤ ግን አልጠራውም።

"ሱሪው ግን… ገጥሞኛል እኮ" አለና ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ።

እትዬ ተነሣች። ከኋላው ቆማ የሱሪውን ወገብ ወደ ውጭ ገለበጠችና እጁን ይዛ ጣቱን ስፌቱ ላይ አሳረፈችው። ሱፍ ከተተረተረ በኋላ አሮጌው የመርፌ ቀዳዳ ረድፍ ቶሎ አይጠፋም፤ ዓይን ባያየው የሰፊ ጣት ያውቀዋል። ጣቱ አንዱን ረድፍ አገኘ። ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላ። ከዚያ ሌላ። መጨረሻ ላይ ቆመ።

"እዚህ ጋ ቁራጭ ገብቷል።"

"ትርፉ ሲያልቅ ከሠርግ ኮትህ የውስጥ መታጠፊያ ወሰድኩ።"

"መቼ ጀመርሽ?"

"ታናሽ እህትህ የተዳረች ጊዜ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ትንፋሽህን ውጠህ ከቁልፉ ጋር ስትታገል አየሁህ። ስገባ ደግሞ ሞቆኛል ብለህ ሌላ ሱሪ ለበስክ። አሳዘንከኝ። በማግስቱ ለቀቅ አደረግኩልህ፤ ከዚያ ወዲህ ማቆም አቃተኝ።"

"ለዓለም ሁሉ አልተለወጥኩም እያልኩ ስለፍፍ?"

"ደስ ይልህ ነበር" አለች።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አነሣና የደምና የዘር ምርመራ አዘዘ።

ውጤቱን ለመስማት ስንመለስ አጎቴ በር ላይ ኮቱን ሦስቴ አስተካከለ። የዘሩ ቁጥር አነስተኛ፣ እንቅስቃሴው ደካማ ነበር። የወንዱ ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮን፣ ዝቅ ብሎ፣ በሴቶች ላይ የሚበዛው ኢስትሮጅን ደግሞ ለወንድ ከሚጠበቀው በላይ ሆኖ ተገኘ።

"ይህ ከወገቤ ጋር ምን አገናኘው?" አለ አጎቴ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዶክተር ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእርስዎም ሆድ…"

ሐኪሙ ከልቡ ሳቀ። "የኔም መቶ አልፏል፤ ልጆቼ ደግሞ አራት ናቸው። ወፍራም ሁሉ መካን ነው አላልኩም። አንዳንዱን ይጎዳል፣ አንዳንዱን ይተዋል። እርስዎን ግን ሳይጎዳዎት አልቀረም።"

ከዚያ በኋላ ያስረዳንን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ስብ ማለት ትርፍ ምግብ የሚታጨቅበት ጓዳ ብቻ ይመስለናል። ግን ስብ ሥራ የሚሠራ፣ የሚናገር የሰውነት ክፍል ነው። ንግግሩ በሆርሞን ነው፤ ሆርሞን ማለት ከአንዱ የሰውነት ክፍል ተነሥቶ በደም ውስጥ ተጉዞ ለሌላው መልእክት የሚያደርስ ነገር ነው። ስብ ከሚልካቸው አንዱ ሌፕቲን ይባላል። እንደ መጋዘን ጠባቂ ነው፤ "ስንቅ አለን" ብሎ ለአንጎል ይናገራል። አንጎልም ይህን ሲሰማ ረኃብን ያበርዳል፤ ልጅ ለመውለድ የሚበቃ ጉልበት እንዳለም ተረድቶ ለዘር ፍሬዎች "ሥሩ" የሚለው ትእዛዝ እንዲሄድ ያደርጋል። ስቡ ሲበዛ ግን ጠባቂው ሌት ተቀን ይጮኻል። ሌት ተቀን የሚጮኽ ሰው ምን ይገጥመዋል? የሚሰማው ያጣል። አንጎልም ለሌፕቲን ጆሮው ይደነዝዛል፤ ወደ ዘር ፍሬዎች የሚሄደው ትእዛዝም ይዳከማል።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ እኔን ከወንበሬ ሊያስነሣኝ ደርሶ ነበር። ቴስቶስትሮንና ኢስትሮጅን በኬሚካዊ ቅርጻቸው በጣም ይቀራረባሉ። ስብ ውስጥ አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ሥራው የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው መለወጥ ነው። ስብ ሲበዛ ይህም ሥራ ይበዛል። የተመረተው ኢስትሮጅን ተመልሶ ለአንጎል "በቂ ነው፣ ምርቱን ቀንስ" ይለዋል። አንጎልም አምኖ ይቀንሳል።

አጎቴ ጺሙን እያሻሸ ሰማ። "ቆይ፣ ቆይ። ታዲያ እዚህ ሆዴ ውስጥ ሌላ ሰፊ ቤት ተከፍቷል ማለት ነው? የወንድ ሱሪ እየተረተረ ቀሚስ የሚያደርግ?"

"በትክክል!" ብለን ሐኪሙና እኔ እኩል ጮኽን።

"ያውም ኪራይ ሳይከፍል!"

እትዬ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ሐኪሙ ሌሎችም አሉ አለን። አዲፖኔክቲን የሚባል የስብ ሆርሞን አለ፤ ይህኛው በተቃራኒው ሰው ሲወፍር ይቀንሳል፤ በዘር ፍሬ ሥራ ላይ ያለው ድርሻ ገና እየተጠና ነው። ሙቀትም አለ፤ የዘር ፍሬ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፣ ስብና ረጅም መቀመጥ ደግሞ ያሞቁታል። "ወገብዎ ቢቀንስ ልጅ ያገኛሉ ብዬ አልምልልዎትም" አለ በመጨረሻ። "አንዳንዱ ላይ ለውጥ ያመጣል፣ አንዳንዱ ላይ አያመጣም። መሞከር ግን አለብን፤ ጊዜውም አጭር ነው።"

ከሐኪም ቤት ስንወጣ አጎቴ ታክሲ አልጠራም። በእግሩ ቀጥታ ወደ እናቱ ቤት ሄደ፤ እኛም ተከተልነው። አያቴ በር ከፍታ ገና "ምን አላችሁ?" ከማለቷ፣ እዚያው ደፉ ላይ ቆሞ ተናገረ።

"እማዬ፣ ችግሩ ከእኔ ነው። እሷ ስትታማ የኖረችው በከንቱ ነው።"

"ኧረ ሱሪው ልክህ ነበር!"

"ሱሪው ምን አጠፋ? ሳልለካ የኖርኩት እኔ ነኝ።"

አያቴ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፏ የሚወጣላት ሴት አልነበረችም። በማግስቱ ጠዋት ግን ስፌት ቤቱ መጥታ ከእትዬ አጠገብ ተቀመጠች፤ የቁልፍ ቆርቆሮውን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ጥቁሩን ከጥቁር፣ ነጩን ከነጭ ትለይ ጀመር። እትዬ የሻይ ብርጭቆ አቀረበችላት። መለያየት የሚለው ወሬ ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያ ቤት ተነሥቶ አያውቅም።

አጎቴ በድሮዋ መኪና ላይ የነበሩትን ብርጭቆዎች አነሣ፣ ዘይት ቀባት፣ መርገጫዋን ጠገነ። ያ ድምፅ ተመለሰ። ልብስም እንደ ጥንቱ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በእግሩ ማድረስ ጀመረ። ስኳሩን እትዬ ደበቀችው፤ ብስኩቱን እኔ በልቼ ጨረስኩለት። ጸጉር አስተካካዩ ደግሞ እሱ ዘንድ የሚመጡ ጡንቸኞች የሚወጉትን መድኃኒት ላምጣልህ ብሎት ነበር።

"አንድ መርፌ ነው! ወንድነትህ ይመለሳል።"

"ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ" አለው አጎቴ በኩራት። "ከውጭ የገባ ሆርሞን አንጎልን 'ሞልቷል' ብሎ ያታልለዋል፤ ያቺ ያለችኝ ዘር ጭራሽ ትቆማለች። ይልቅ የቆረጥከውን ጸጉር ጠረግ ጠረግ አድርግና ተወኝ።"

ሱሪው በላላ ቁጥር ስፌቱን የሚተረትረው እሱ ራሱ ሆነ። እትዬ ላግዝህ ስትለው እምቢ አለ። የሚሰፋውም በቀይ ክር ነበር፤ ጥቁር ሱሪ ላይ፣ ቀይ ክር። "የት እንዳለሁ ልየው" ይላል። መጀመሪያ ያወጣው ያንን የገባ ቁራጭ ነው። ሦስት ማዕዘን፣ ከመዳፍ የማይበልጥ። ሊጥለው አንሥቶ ሐሳቡን ቀየረና መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

የመጀመሪያው ድጋሚ ምርመራ ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። ሐኪሙ አይቸኩሉ አለው፤ አንድ የወንድ ዘር ተጀምሮ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ዛሬ የሚታየው ያኔ የታዘዘው ነው። ይህን አጎቴ ወዲያው ገባው፤ ትእዛዝ ተቀብሎ ደንበኛን "ተመለስ" ማለት የኖረበት ነገር ነው። የሚቀጥለው ውጤት ተሻሻለ። ወገቡ መቶ ሁለት ላይ ደርሶ ነበር። ሰባ ስምንት ዳግም አልተመለሰም፤ መመለስም አላስፈለገውም።

በመጨረሻ የሆነውን ያየሁት ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። ዝናብ ሊመጣ ደምኗል፤ ስፌት ቤቱ ውስጥ መብራት በርቷል። አጎቴ ኮት እየተኮሰ፣ አያቴ ቁልፍ እየለየች፣ እትዬ ከመስኮቱ ሥር ሰማያዊ ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ የጎኑን ስፌት ትተረትራለች።

"ያ ደግሞ የማን ነው?" አላት አጎቴ ካውያውን ሳያነሣ። "ዛሬ የቀሚስ ደንበኛ አልመጣም።"

"የኔ ነው።"

"ምን ሆነብሽ?"

"ጠበበኝ።"

የአያቴ እጅ ከቁልፍ ቆርቆሮው ውስጥ ቀረ። አጎቴ እትዬን እያየ ቆሞ ቀረ፤ የካውያው ጭስ ሲነሣ "ኮቱ!" ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። የዚያ ኮት ደረት ላይ የካውያ ቅርጽ ታትሞ ቀረ፤ ባለቤቱም ሌላ ተሰፋለት።

ሐኪሙ ሲሰማ እጁን ጨበጠው፤ ያኔም ግን "ወገብዎ ነው ብዬ አልምልም፤ ደስ ይበለን ብቻ" አለው። አጎቴ በየሳምንቱ የእትዬን ሆድ በሜትሩ እየለካ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ጸጉር አስተካካዩ ከማዶ "ማን አሸነፈ?" እያለ ይመልሳል። የሰማያዊው ቀሚስ ትርፍ ጨርቅ ሲያልቅ አጎቴ መሳቢያውን ከፈተ። ያንን ጥቁር ሦስት ማዕዘን አውጥቶ በእትዬ ቀሚስ ጎን አስገባው፣ በቀይ ክር። ሰማያዊ ላይ ጥቁር። ከሩቅ ይታያል።

"እንዲህ ለብሼ ልወጣ?" አለችው።

"አዎ፤ ይዩት።"

ለበሰችው። በዚያው ቀሚስ፣ ዛሬ ስልክ በሚሸጥበት ክፍል በር ወጥታ መንገዱን ስታቋርጥ አጎቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ከበሩ ሆኖ ተመለከታት፤ ማዶ እስክትደርስም ወደ ሥራው አልተመለሰም።